ነጠላዋን ያዘቀዘቀችበት ዓመት

አያቴ በራችን ላይ ቆማለች። ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላ ደርባ፣ ቀኝ እጇን በቆርቆሮው በር ላይ አሳርፋ ካሜራውን ትመለከታለች። ኮምፒውተሩ ይህን ፎቶ ከሌሎች አሥራ ስድስት ጋር በአንድ ረድፍ ደርድሮ «ተመሳሳይ» ብሏቸዋል። ከረድፉ ሥር አንዱን አስቀርቶ የቀሩትን ለማስወገድ ፈቃድ የሚጠይቅ ቁልፍ አለ።

ከመጫኔ በፊት አባቴን ጠራሁት። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ምሽት ነው፤ ነገሩ እንዲገባችሁ ግን ከመነሻው ልጀምር።

አባቴ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ከ1979 እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ፣ ከአንድ የልብስ ስፌት ቤት ጎን፣ ጠባብ ስቱዲዮ ነበረው። በሥራ ቀን ጉርድ ፎቶ ያነሣል፤ ለቀበሌ መታወቂያ፣ ለፈተና ቅጽ፣ ለፓስፖርት። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ አለ። ሙሽሮቹን ወደ ፍቅር ሐይቅ ያወርዳቸዋል፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ያቆማቸዋል፤ ጉሬዛዎቹ ከላይ ቅጠል እየበጠሱ ይጥሉባቸዋል። በበዓል ደግሞ አሞራ ገደል ሄዶ፣ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባ አጠገብ መነሣት የሚፈልገውን ሁሉ ሲያነሣ ይውላል። እኔና ወንድሜ ያደግነው በዚያ ገንዘብ ነው።

ስቱዲዮው ሲዘጋ ዕቃው ሁሉ ወደ ቤት መጣ። በፖስታ የተቀመጡ ነጋቲቮች፣ ሲዲዎች፣ ሦስት ሐርድ ዲስኮች፣ ቁጥርና ስም በእጅ የተጻፈባቸው አሥራ አንድ መዝገቦች። አባቴ ዲጂታል ካሜራ በገዛ በዓመቱ ገደማ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶበት የአንድ ሠርግ ፎቶ እንዳለ ጠፍቶበታል። የሙሽራዋ እናት ስቱዲዮው ድረስ መጥተው ያለቀሱት ለቅሶ እስከ ዛሬ ከጆሮው አልወጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የትኛውንም ሥራ ሁለት ሦስት ቦታ ሳይገለብጥ አይተኛም ነበር። ቅጂው እንደገና ሲገለበጥ፣ ወንድሜ የቆዩትን ነጋቲቮች በስካነር ሲያስገባ፣ ዘመድ በቴሌግራም የላከው ሲጨመር፣ ሁሉም ተደምሮ ወደ 41,000 ፋይል ደረሰ።

ተደጋጋሚ ፎቶዎችን የመለየቱን ሥራ የጀመርኩት በዲስኩ ላይ ቦታ ለማስለቀቅ ብዬ አይደለም። አባቴ ግላኮማ አለበት። የግራ ዐይኑ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ በቀኙም ቢሆን አንድ ፊት ስክሪኑን ሙሉ ሲይዝለትና እርሱም አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ሲጠጋ ነው የሚለየው። በፎቶዎቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ስም፣ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ የየትኛው ሰፈር እንደነበሩ ግማሹ በመዝገብ ላይ፣ ግማሹ በእርሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። 41,000 ፎቶ ላሳየው አልችልም። አንዱን ፎቶ ሦስት ጊዜ እያሳየሁ የቀረችውን ብርሃን ላባክንበት ደግሞ አልፈለግሁም።

የመጀመሪያው ደረጃ ቀላል ነበር። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ የሆኑ ፋይሎችን ለማግኘት ፎቶውን ማየት እንኳ አያስፈልግም። ሻ-256 የሚባል ስሌት አለ፤ ማንኛውንም ፋይል፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ወደ 256 ቢት፣ ማለትም በ256 ዜሮና አንድ ወደሚጻፍ ቁጥር ይለውጠዋል። ሁለት ፋይሎች ያንኑ ቁጥር ከሰጡ አንድ ናቸው ብሎ መቁረጥ ይቻላል። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ቢት ብትነካ ግን የሚወጣው ቁጥር ከቀድሞው ጋር ዝምድናው ይጠፋል። ኮምፒውተሩን አብርቼ አደርኩና ጠዋት ስነሣ ወደ 14,000 የሚሆኑ ትርፍ ቅጂዎች ተለይተው ጠበቁኝ።

እነዚህንም ቢሆን በጅምላ አልጣልኳቸውም። ፋይሉ አንድ ቢሆንም የተቀመጠበት ፎልደር ስም ይለያያል። አንዱ «አዲስ ፎልደር 3» ውስጥ ሲገኝ፣ መንታው «ሠርግ አለታ ወንዶ፣ ጥር 2001» ውስጥ ተኝቷል። ፎቶው የት እና መቼ እንደተነሣ የሚናገረው ያ ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ስም ያለበትን አስቀርቼ ስም የሌለውን አስወገድኩ።

የፎልደሮቹ ስም ራሱን የቻለ ሥራ ሆነብኝ። አባቴ «ሠርግ» ይላል፤ ረዳቱ «ሰርግ»። ወንድሜ «ሐዋሳ» ይጽፋል፤ ረዳቱ «ሀዋሳ»፤ የቆየው ሁሉ ደግሞ «አዋሳ» ነው። «ፀሐይ»ም አለች፣ «ጸሃይ»ም አለች፤ ሁለቱም የአንዲት ሙሽራ ስም ናቸው። እኛ ስናነበው ድምፁም ሰውየዋም አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ሞክሼ የሚባል ነገር የለም። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ኮምፒውተር ለፊደል ሁሉ ቁጥር በሚሰጥበት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ እንደ በ እና ገ የማይተዋወቁ ናቸው። ይህ ጉድለት ነው አልልም። ፊደሎቹ የየራሳቸው ታሪክ አላቸውና ተለይተው መቀመጣቸው ተገቢ ነው። ለፍለጋዬ ግን ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ የሚያመጣ ዝርዝር ሠርቼ በዚያ ፈለግሁ። እኔ አንድ የምለውን ማሽኑ ሁለት እንደሚለው በዚህ ገባኝ። ቀጥሎ የጠበቀኝ የዚህ ግልባጭ ነበር።

አሁን 27,000 ገደማ ፎቶ ቀርቷል። ከእነዚህ ውስጥ አንድ ሆነው አንድ የማይመስሉ፣ አንድ የሚመስሉ ሆነው አንድ ያልሆኑ ሞልተዋል። በቴሌግራም ዞሮ የመጣ ፎቶ ታምቆ ነው የሚመጣው። ጄፔግ የሚባለው አሠራር ምስሉን 8 በ 8 ነጥብ በሆኑ ትንንሽ ጓዳዎች ከፋፍሎ፣ ዐይን እምብዛም የማይጠይቀውን ዝርዝር እየጣለ ነው ፋይሉን የሚያሳንሰው። ስለዚህ አራት ሜጋባይት ሆኖ ከእኛ ቤት የወጣ ፎቶ ዘመድ አዝማድ ጋር ደርሶ ሲመለስ መቶ ኪሎባይት እንኳ አይሞላም። ለዐይን ያው ነው፤ ለሻ-256 ግን ባዕድ ነው። ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር በዐይን ላነጻጽር ብል 27,000 ፎቶ ከ364 ሚሊዮን በላይ ጥንድ ይወጣዋል።

ወንድሜ አጭር ፕሮግራም ጻፈልኝ። (እንዲህ ያለ ወንድም ለሌለው ዲጂካም የሚባል ነፃ ፕሮግራም ተመሳሳይ ምስሎችን ይፈልጋል፤ ዊንዶውስ ላይም ይሠራል።) የእርሱ ፕሮግራም የሚከተለው ዘዴ ዲ-ሃሽ ይባላል፤ ሲያስረዳኝ ቀላልነቱ አስደነቀኝ። ፎቶው የቱንም ያህል ትልቅ ይሁን፣ ወደ ጎን 9፣ ወደ ታች 8 ነጥብ እስኪሆን ያሳንሰዋል። በጠቅላላው 72 ነጥብ መሆኑ ነው። ቀለሙን ያወጣና ብርሃንና ጥላውን ብቻ ያስቀራል። ከዚያ በየረድፉ እያንዳንዱን ነጥብ በስተቀኙ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያስተያያል፤ «ማን ይደምቃል?» ብሎ ይጠይቃል። በአንድ ረድፍ 8 ጥያቄ፣ በስምንቱ ረድፍ 64። ከእነዚህ የሚወጡት 64 የአዎና የአይደለም መልሶች የፎቶው አሻራ ይሆናሉ። ሁለት አሻራዎች በስንት መልስ እንደሚለያዩ ሲቆጠር የሚገኘው ቁጥር የሃሚንግ ርቀት ይባላል፤ ስያሜው በ1950 እ.ኤ.አ. ስሕተትን ስለሚያርሙ ኮዶች ከጻፈው ከሪቻርድ ሃሚንግ የመጣ ነው። ርቀቱ ዜሮ ወይም ሁለት ከሆነ ፎቶው ያው ነው ማለት ይቻላል። ገደቡን እያላላችሁ እስከ አሥር ብትወስዱት የሩቅ ዘመዶችም ይሰበሰባሉ።

ይህን ለአባቴ ስነግረው ሳልጨርስ አቋረጠኝ።

«ዐይንን ማጥበብ ነዋ!»

ያኔ ትዝ አለኝ። ስቱዲዮ ውስጥ ረዳቶቹን መጀመሪያ የሚያስተምራቸው ይህንን ነበር። ሰውየውን አስቀምጠህ ወደ ኋላ ተመለስ፣ ሽፋሽፍትህ እስኪነካካ ዐይንህን አጥብብ፣ አፍንጫውም አፉም ይጥፋብህ፤ ያኔ ብርሃኑ የት እንደወደቀ፣ ጥላው ወዴት እንዳጋደለ ብቻውን ይቀርልሃል ይል ነበር። እኔንም በልጅነቴ ሐይቁ ዳር አቁሞ «ዐይንሽን አጥብበሽ እዪው» ይለኛል፤ ሳጠበው ሐይቁ ቀርቶ አንድ የደመቀና አንድ የጨለመ ሰንበር ብቻ ይታየኛል። የወንድሜ ፕሮግራም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዐይኑን አጥብቦ ያያል፤ ሲያጠበው ግን መልሶ አይከፍተውም።

ለቴሌግራም ቅጂዎች ፍቱን ሆነ። የታመቁ፣ ያነሱ፣ የደመቁ፣ የደበዘዙ ቅጂዎች ሁሉ ከእናታቸው ጋር ተገናኙ። የሐይቁ ጀንበር ጥልቀት ደግሞ በአንድ ክምር ከ400 በላይ ወጣ፤ ከላይ ብርሃን፣ ከታች ጥላ፣ በመካከል አንድ መስመር፤ የአሥር ዓመት ምሽት ሁሉ አንድ አሻራ። ከእነዚህ ሃያ ያህሉን አስቀርቼ የቀሩትን አባቴን ሳልጠይቅ አስወገድኩ። በዚህ አይቆጨኝም።

ፎቶው ከተቆረጠ ወይም ከዞረ ግን ዘዴው አይሠራም። አንድ የይርጋለም ሠርግ በነጋቲቩ ጀርባ በኩል ስካን ተደርጎ ኖሮ ግራና ቀኙ ተገልብጧል። ፕሮግራሙ ከወረቀቱ ፎቶ ጋር ሊያገናኘው አልቻለም። ያገናኘሁት እኔ ነኝ፤ ከሙሽራው ጀርባ ባለው የሱቅ ሰሌዳ ላይ ፊደሎቹ ፊታቸውን ወደ ግራ አዙረው አየኋቸው።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ሰዓት ነው። ዲጂታል ካሜራ እያንዳንዱ ፎቶ መቼ እንደተነሣ ፋይሉ ውስጥ ይመዘግባል፤ ተመሳሳዮቹን በጊዜ ቅደም ተከተል ለመደርደር ዋናው መሣሪያ እርሱ ነው። አባቴ ግን የካሜራውን ሰዓት የሞላው እንደ እኛ አቆጣጠር ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሙሽራዋ ስትለብስ ካሜራው የመዘገበው ከሌሊቱ 2፡00 ብሎ ነው። ረዳቱ ደግሞ የራሱን ካሜራ ፋብሪካው በሚያውቀው አቆጣጠር ሞልቶታል። ስለዚህ የአንድ ሠርግ ሁለት ካሜራዎች ሲቀላቀሉ አባቴ ያነሣው ግብዣ ረዳቱ ካነሣው የጠዋት ሽኝት ቀድሞ ይመጣል። መድኃኒቱ በአባቴ ካሜራ ፎቶዎች ሁሉ ላይ ስድስት ሰዓት መጨመር ነው፤ ያን እስክረዳ ግን ሦስት ምሽት አቃጠልኩ። ባትሪው ባለቀ ቁጥር ቀኑ ወደ መነሻው የሚመለስበት አሮጌ ካሜራም ነበረ። በእርሱ የተነሡ 600 ያህል ፎቶዎች ሁሉም ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ይላሉ፤ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 መሆኑ ነው። በዚያ ቀን ሐዋሳ ውስጥ አሥራ አምስት ሰው አግብቷል እንደማለት ነው።

እነዚህን ዘመናቸውን የሰጠኋቸው በፎቶው ውስጥ ባገኘሁት ነገር ነው። ምረቃ ከሆነ ከኋላ ያለው ሰሌዳ ይረዳል፤ «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» የሚል ከሆነ ከ1992 እስከ 1998 ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆኗልና። ጉዱማሌ ላይ የተነሡት የፊቼ ጫምባላላ ፎቶዎች ግን አስቸጋሪ ናቸው። የሲዳማ አዲስ ዓመት በየዓመቱ በአንድ ቀን ላይ አይውልም፤ ቀኑን የሚቆርጡት ከዋክብትን የሚመለከቱት አያንቶዎች ናቸው። በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረ በኋላ ያሉትን ከበፊቶቹ በአብዛኛው ለይቻለሁ፤ የቀሩትን ዓመት ሳልጽፍባቸው ትቻለሁ። ባልተረጋገጠ ዓመት ከማሳሳት ባዶውን መተው ይሻላል ብዬ።

አሁን ወደ ጉርድ ፎቶዎቹ ልምጣ።

ጉርድ ፎቶ ምን እንደሚመስል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነጭ ጀርባ፣ ፊት ለፊት የሚያይ ፊት፣ ሁለት ትከሻ። አባቴ ደግሞ ሥርዓት ያለው ሰው ስለሆነ ወንበሩንም መብራቱንም ካሜራውንም ሠላሳ ዓመት ከቦታቸው አላነቃነቀም። ዐይን ጠበብ አድርጎ ለሚያይ ይህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው ነው። ፕሮግራሙ የ340 ሰዎችን ፊት በአንድ ክምር ሰበሰበና «ተመሳሳይ» አለኝ። እኔ በዚያን ጊዜ ገና በፍጥነቱ ተማርኬ ነበርና በየክምሩ ትልቁን ፋይል አስቀርቶ ሌላውን በራሱ እንዲያነሣ ፈቅጄለታለሁ። ክምሩን ከፍቼ አላየሁትም። 339 ሰው በአንድ ጊዜ «የሚሰረዝ» ወደተባለው ፎልደር ተጋዘ።

በሳምንቱ፣ ረቡዕ ማለዳ፣ አንድ ወጣት በር አንኳኳ። ዐይኑ አብጧል፤ ጋቢ ደርቧል።

«ጋሼ አሉ?» አለኝ።

አባቴ ከመኝታ ቤት ድምፁን ሰምቶ ወጣ። ልጁ እናቱ ሌሊቱን ማረፋቸውን ነገረው። ቤት ውስጥ ያለው ፎቶ ሁሉ ከሰው ጋር፣ ከሩቅ የተነሡት ነው፤ ለለቅሶው በትልቁ የሚታተም ፊታቸው የሚታይ ፎቶ የለም። ድሮ ለመታወቂያ ከዚህ ተነሥተው እንደነበር አክስቱ አስታወሰችው።

«እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ፤ ግባ፣ ተቀመጥ» አለው አባቴ። እኔን ደግሞ ስማቸውን ነግሮ መዝገቡን አስገለጠኝ። አራተኛው መዝገብ ላይ አገኘናቸው። ቁጥራቸውን ይዤ ኮምፒውተሩ ጋር ሄድኩ። በቦታው የለም። ልጁ ጀርባዬ ቆሟል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። ጣቶቼ ሲቀዘቅዙ ይታወቀኛል። ከዚያ «የሚሰረዝ» ትዝ አለኝና ከፈትኩት። እናቱ እዚያ ነበሩ፤ ነጭ ሻሽ አስረው፣ አፋቸውን ገጠም አድርገው፣ ሊስቁ ሲሉ የተከለከሉ ይመስላሉ።

ምንም ነገር ወዲያው አልሰርዝም፤ መጀመሪያ ወደ ሌላ ፎልደር አዛውራለሁ፤ ሁለት ወር ይቆያል። ይህችን ልማድ ያወረሰኝ የጠፋው ሠርግ ነው። እርሷ ባትኖር ኖሮ ለዚያ ልጅ ምን እለው እንደነበር አላውቅም። በዚያው ቀን 339ኙንም አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለስኩ። ለአባቴም የሆነውን አልደበቅሁትም። ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ስማቸውን እየጠራሽ መልሺ» አለኝ። እንዲሁ አደረግሁ፤ መዝገቡን ይዤ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እስከ እኩለ ሌሊት።

ፊት የሚለዩ ፕሮግራሞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አንዱንም ሞክሬያለሁ። ለአዋቂ ሰው ይረዳል፤ እህትማማቾችን ግን ያምታታል፣ ሕፃን አድጎ ሲመጣም አያውቀውም። ኢንተርኔት ላይ ጭነን በዚያ እናስለየው ያሉኝም ነበሩ። ይህን አላደረግሁም፣ አላደርገውምም። እነዚህ ሰዎች ፊታቸውን ያመኑት ለአባቴ ነው።

የአያቴ ረድፍ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለዚህ ነው ቁልፉን ሳልጫን አባቴን የጠራሁት።

በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን፣ ቡና ከመፈላቱ በፊት፣ አባቴ እናቱን በሩ ላይ አቁሞ አንድ ፎቶ ያነሣታል። ይህን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ አልበም ውስጥም ተበታትነው አይተናቸዋል። አሥራ ሰባቱን ጎን ለጎን ያየ ግን አልነበረም። ቀን አልተጻፈባቸውም። በቅደም ተከተል ያስቀመጥናቸው ከበሩ አጠገብ ባለው የአቮካዶ ዛፍ ነው። በመጀመሪያው ላይ ከጉልበቷ አይደርስም፤ ቀጥሎ ወገቧ ጋር፣ ቀጥሎ ትከሻዋ ጋር፤ በመጨረሻዎቹ ላይ ግንዱ ብቻ ይታያል፣ ቅርንጫፉ ከፎቶው ወጥቷል። ከ1981 እስከ 1997 ሆኑ።

ዘጠነኛዋ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከስምንተኛዋ ጋር ያላት ርቀት ከ64ቱ 3 ብቻ ነው። በሩ ያው፣ ቀሚሷ ያው፣ የቆመችበት ቦታ በአንድ ጫማ እንኳ አልተዛነፈም። በሌሎቹ ሁሉ በግራ እጇ አደይ አበባ ይዛለች፤ በዚህች ላይ እጇ ነጠላው ውስጥ ነው። ቢጫው ለፕሮግራሙ ምንም አይደለም፤ ቀለሙን ይጥለዋልና። ነጠላዋን አተኩሬ አየሁት። ጥለቱ ከታች መሆኑ ቀርቶ ወደ አንገቷ ወጥቷል። ፎቶው ወደ 72 ነጥብ ሲያንስ ያ ጥለት የአንድ ነጥብ ሩብ እንኳ አይደርሰውም።

«አባዬ፣ እዚህች ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች» አልኩት።

ወንበሩን ስቦ ተጠጋ። እኔ ፎቶውን አሳደግሁለት፤ መጀመሪያ ፊቷን፣ ከዚያ ትከሻዋን፣ ከዚያ ጥለቱ ብቻ ስክሪኑን እስኪሞላ።

«የሰማንያ ዘጠኙ ነው» አለ። «አባቴ በነሐሴ አርፎ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር። እኔ ካሜራውን አላወጣሁም። በዚያ ሐዘን ላይ ምን ብዬ? እርሷ ናት ከውጭ የጠራችኝ። ‹ዓመቱ ከመካከል እንዳይጎድል፣ ና አንሣኝ› አለችኝ። አበባውን ሰጠኋት፤ አልያዘችም።»

ይህን ፎቶ አልበም ውስጥ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። አያቴ በሩ ላይ ቆማለች ብዬ ገጹን እገልጣለሁ። የዚያን ቀን ያየሁት ስምንተኛዋና አሥረኛዋ ግራና ቀኝ ስለቆሙላት ነው። ማሽኑ ስለ ነጠላ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ቅርብ ለቅርብ ስላስቀመጣቸው ግን ልዩነቱ ራሱ ብቅ አለ። እስከዚያ ምሽት ድረስ ተመሳሳይ መፈለግ ማለት ትርፉን አውጥቶ መጣል ይመስለኝ ነበር። አሁን ፕሮግራሙ ላይ ያችን ቁልፍ ወንድሜ አንሥቶልኛል። ይሰበስባል፣ ይደረድራል፣ እዚያ ላይ ሥራው ያልቃል። የትኛው ይቅር የትኛው ይሂድ የሚለውን እኔ አይቼ፣ የማላውቀውን አባቴን ጠይቄ እንወስናለን። ሥራው በሦስት እጥፍ ዘግይቷል። ይዘግይ።

አባቴ አሥራ ሰባቱንም በተራ አሳዪኝ አለኝ። እያሳደግሁ፣ ዓመቱን እየጠራሁ አሳየሁት። 97 ላይ ስደርስ ከወንበሩ አልተነሣም።

«ቀጥሎስ?»

«አልቋል አባዬ። በዚያው ዓመት በሰኔ አረፈች አይደል?»

«የ98ቱ አለ» አለ። «መስከረም አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ወጣሁ። ካሜራውን አቆምኩ፣ ርቀቱን ለካሁ፣ አነሣሁ።»

በኮምፒውተሩ ውስጥ ፈለግሁ፤ የለም። ነጋቲቮቹ ወዳሉበት ካርቶን ሄድን። የ98 መስከረም የሚል ፖስታ ውስጥ ከአንድ የልደት በዓል ቀጥሎ፣ በፊልሙ ጫፍ ላይ፣ አንዲት ክፈፍ ተገኘች። ለመብራት አንሥቼ አየኋት። ወንድሜ በማግሥቱ በስካነር አስገባልን።

የቆርቆሮው በር ነው። በስተቀኙ የአቮካዶው ግንድ አለ። በሩ ላይ፣ እጇ በየዓመቱ ያርፍበት በነበረው ቦታ፣ ቀለሙ ተፍቆ አንድ መዳፍ የምታህል ብረት ታበራለች። ከ97ቱ ጋር ያለውን ርቀት ፕሮግራሙ 19 አለው፤ ከገደቡ በእጥፍ ገደማ የራቀ ስለሆነ ከረድፉ ጋር አላስገባውም። በእጄ ጎትቼ አሥራ ስምንተኛ አድርጌ አስቀመጥኩት።